ሳውና የሚባሉ ሦስት ፋይሎች

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሦስት ፋይሎችን የአንድ ቤተሰብ ላደርግ ብዬ ሠላሳ አንድ አባወራ ፊት እናቴን አዋርጄአት ነበር። ዛሬ የምበላው ከዚያው ከፋይል ነው፤ ኮድ እጽፋለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ወጣት መጥቶ «ለምንድን ነው ስማቸው አንድ ሆኖ መጨረሻቸው የሚለያየው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ወግ ያለው መልስ መስጠት አልችልም። ሳቄ ይቀድመኛል። ልጁም የሞኝ ጥያቄ የጠየቀ መስሎት ጆሮው ይቀላል። ሞኟ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ።

የምንኖረው ዩቫስኪላ በምትባል የሰሜን በረዷማ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ቢጫ ሕንጻ ላይ ነበር። ዘመኑ ኮምፒዩተር ገና ወፍራም የነበረበት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ሳውና፣ የጋለ የምድጃ ድንጋይ ላይ ውኃ እየረጩ በእንፋሎት የሚታጠቡበት ክፍል፣ አለ። ለሠላሳ አንድ ቤት አንድ ሳውና። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ሰዓት ይደርሰዋል፤ ተራው በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት በእርሳስ ተጽፏል። ማክሰኞ ከሰዓት የደረሰው ዕድሉን እየረገመ ይታጠባል። ዓርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የደረሰው ግን ንጉሥ ነው። የዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተራ በቀላሉ አይሰጥም፤ ከሟች ይገኛል። ከሕንጻው ሰው ሲሞት ጎረቤት የሚጠያየቀው ቀብሩ መቼ እንደሆነ አልነበረም። «ተራው ለማን ሊሆን ነው?» ነበር፤ ያውም ለሟች ክብር ሲባል ድምፅን ዝቅ አድርጎ።

የዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለቤት ጋሽ ታውኖ ነበሩ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የዕቃ ፉርጎ ሲቀጥሉና ሲፈቱ የኖሩ። ወረቀቱን የሚጽፉት እሳቸው፣ እርሳሱን የሚቀርጹት እሳቸው፣ ላጲሱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩት እሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም ገላውን ታጥቦ አያውቅም ማለት ይቻላል።

እናቴ ሜርቪ ትባላለች። አሥራ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረችበት ማተሚያ ቤት ተዘጋ። የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ከላይ እስከ ታች አያትና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሚሰጥ የጀማሪዎች የኮምፒዩተር ትምህርት ላካት። በአራተኛው ወር መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ሰው በእውነት የሚጠቀምበት ድረ ገጽ ሠርቶ ለተጠቃሚዎቹ ማሳየት፣ እነሱም «ይሠራል» ብለው መፈረም አለባቸው። ከፈረሙ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በምስክር ወረቀቱ ደግሞ ከተማው ቢሮ ውስጥ የስድስት ወር ሥራ ይገኛል። አንዱ ተማሪ የውሻውን ድረ ገጽ መረጠ። ሌላዋ የሹራብ ማኅበሯን መረጠች። እናቴ የሳውናውን ተራ መረጠች። በዓለም ላይ ስንት ሰላማዊ ነገር እያለ።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ቫሳ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄዶ የመርከብ ሠራተኛ ሆኗል። በወር አንድ ቅዳሜ በባቡር ይመጣል፣ አይስክሬም ይገዛልኛል፣ ይሄዳል። የቤተሰብ ስሙ ግን በራችን የደብዳቤ ማስገቢያ ላይ በነጭ ፊደላት እንደተደረደረ ነበር፤ ኪስኪነን። እኔም ኪስኪነን፣ እናቴም ኪስኪነን፣ አባቴም ቫሳ ሆኖ ኪስኪነን።

የበር ስም ለእኔ ቀልድ አልነበረም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳይ የደረስኩበት ሕግ ነበረኝ። ሦስተኛ ፎቅ አንድ በር ላይ ሁለት ስም ነበር፤ ላምፒነን እና ሶርሳ። አንድ ቀን የሕንጻው ጠጋኝ ካቻቢቴ ይዞ መጣና ሶርሳ የሚለውን ነቀለው። በማግስቱ ሶርሳ ራሱ ብስክሌቱን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። አራተኛ ፎቅ ደግሞ ሦስት ስም የነበረው በር ነበር፤ የገና በዓል ሲደርስ አንድ ብቻ ቀረው። ስለዚህ አንድ በር ሁለት ስም አይችልም። አንዱ የግድ ይሄዳል።

ሰዎቹ የሄዱት ስማቸው ስለተነቀለ ሳይሆን ስማቸው የተነቀለው ሰዎቹ ስለሚሄዱ መሆኑን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አስፈልጎኛል።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያርኮ ይመጣል። የእናቴ አስተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥም የሹራብ ቆቡን የማያወልቅ። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ የግራ ካልሲው ተቀዷል፤ አውራ ጣቱ ይታያል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤታችን ውስጥ አውራ ጣቱን ያየሁት ወንድ አባቴ ብቻ ነበር። ጉዳዩን በትኩረት መከታተል ጀመርኩ።

እኔ ጥቁር ዳቦ በአይብ እየበላሁ፣ እነሱ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው፣ እንዲህ ይባባላሉ።

«የፋይሎቹን መጨረሻ እንዲያሳይሽ ኮምፒዩተሩን እዘዢው እንጂ» አለ ያርኮ። «ጀማሪ ይደነግጣል ብሎ ቅጥያውን ደብቆብሻል።»

«ከዚህ በላይ አልደነግጥም። አሳየኝ።»

አንድ ቦታ ጠቅ አደረገ። እስከዚያ ድረስ ስማቸው ብቻ ይታይ የነበሩት ፋይሎች ሁሉ ከኋላቸው ነጥብና ፊደል አወጡ። ሳውና ነጥብ ኤችቲኤምኤል። ሳውና ነጥብ ሲኤስኤስ። ሳውና ነጥብ ጄኤስ።

«ሦስቱንም ሳውና አልሻቸው?» አለ ያርኮ።

«ሌላ ምን ልበላቸው? ሥራቸው የሳውና አይደል?»

«ግድ የለም፤ ማሽኑ የሚለያቸው በመጨረሻቸው ነው። ይቺ ኤችቲኤምኤል የገጿ አጥንት ናት። ርዕሱ፣ የሰዉ ስም፣ ሰንጠረዡ እሷ ጋ ነው። ሲኤስኤስ ልብሷ ነው፤ ቀለሙና ስፋቱ። ጄኤስ ደግሞ ነርቯ ነው፤ ስትነኪያት የምትነቃው በሱ ነው።»

«ሁሉንም አንድ ላይ ብሰፋውስ?» መጽሐፍ ጠራዥ አይደለች፣ መለያየት አይመቻትም።

«መስፋት ይቻላል። ግን አንድ ቀን ቀለም ልቀይር ብለሽ ነርቭ ትቆርጫለሽ። ለየብቻ ይኑሩ። ሲፈላለጉ ይጠራራሉ።»

ዳቦዬን ማኘክ አቆምኩ። ሦስት ሳውናዎች፣ አንድ ቤት፣ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም። እና አንድ ባለ አውራ ጣት ሰው የእናቴ ወጥ ቤት ተቀምጦ ለየብቻ ይኑሩ ይላል።

በዚያው ሳምንት ዳቦ ሰሃኑ ሥር አንድ ቅጽ አገኘሁ። በእናቴ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። አሁን ያለው የቤተሰብ ስም፦ ኪስኪነን። አዲሱ የቤተሰብ ስም፦ ሃፓሳሪ። የፊርማው ቦታ ገና ባዶ ነበር።

ሃፓሳሪ የሚባል ሰው አላውቅም። አያቴን የማውቃት አያቴ ብዬ ነው፤ ገጠር ያለው የደብዳቤ ሳጥኗ ላይ የተጻፈው ደግሞ «ማስታወቂያ አታስገቡ» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ሃፓሳሪ ማን እንደሆነ ለማወቅ ቤታችን የሚመላለሱትን ወንዶች መቁጠር በቂ ነበር። ጋሽ ታውኖን ከቀነስን አንድ ይቀራል። ካልሲው የተቀደደው።

የያርኮ የቤተሰብ ስም ቪርታ እንደነበረ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከራሱ አፍ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ እናቴንም ከሁሉም ተማሪዎች በላይ ይፈራት ነበር። «ረቡዕ የምመጣው ወድጄ መሰለሽ?» አለኝ። «ደውላ 'እየጠበቅኩህ ነው' ትልና ትዘጋዋለች።»

ጋሽ ታውኖን የቀነስኳቸው ጠላት ስለሆኑ ነው። እሳቸው ለመምጣት ረቡዕን አይጠብቁም። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን አንዴ ይቆረቁራሉ፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ይቆማሉ።

«ሜርቪ፣ መብራት ሲጠፋ ዝርዝርሽን ማን ያየዋል?»

«መብራት ሲጠፋ ሳውናውም አይሞቅም፣ ጋሽ ታውኖ።»

ትንሽ አሰቡበት። «እሺ፣ ይሁን። ሁለት ሰው አንድን ሰዓት እኩል ቢነካውስ?»

«የቀደመው ይይዛል።»

«የቀደመውን ማን አየ? አንቺ በር ላይ ትቆሚያለሽ?»

እናቴ ጥርሷን ነክሳ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

«ደግሞ ሰው ሞቶ እንደሆነስ?» አሉ።

«ከዝርዝሩ ይሰረዛል።»

«ከመቀበሩ በፊት ነው ከተቀበረ በኋላ?»

ይህንንም ጻፈችው። እሳቸው ሲወጡ እናቴ በሩን ዘግታ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። እኔም ጋሽ ታውኖን ጠላት ብዬ መዘገብኳቸው፤ ቤታችንን ሊያፈርሱ ከሚመጡት ሁለተኛው።

ያ ወረቀት አሁን እኔ ጋ ነው። አርባ ስድስት ጥያቄ አለው፤ የእናቴ ኮድ ውስጥ ለእያንዳንዱ መልስ የሚሆን መስመር አለ። ሽማግሌው ሃያ ስድስት ዓመት በእርሳስ ያቆሙትን ነገር እያስረከቧት ነበር። ላስረክብሽ ከማለት ግን እርሳሱን መዋጥ ይቀላቸው ነበር።

ገጹ የሚታየው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ምድር ቤት ባለው የነዋሪዎች ክፍል፣ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ነው። ጠዋት እናቴ ወንበር ልትደረድር ወረደች። «ኮምፒዩተሩን ያርኮ መጥቶ ያወርደዋል፤ አትንኪ» ብላኝ ሄደች።

ክፋት አልነበረብኝም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ቅን ሆኜ አላውቅም። ሦስቱ ሳውናዎች አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው አንድ ላይ ሲኖሩ፣ ገጹም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አምሮበት ሲሠራ፣ እናቴ በዓይኗ ታያለች። ስም መቀየር እንደማያስፈልግ ይገባታል። ቅጹንም ትቀደዋለች።

ፎልደሩን ከፈትኩ። የልብሱን ፋይል ኤችቲኤምኤል ላደርገው ስጽፍ ኮምፒዩተሩ አቋረጠኝ። ቅጥያውን ከቀየሩት ፋይሉ ላይሠራ ይችላል፣ እርግጠኛ ነዎት? አለኝ። በዘጠኝ ዓመቴ እርግጠኛ መሆኔን፣ ያውም አንቱ ብሎ፣ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው። ከሰው ይደርሰኝ የነበረው «ተይ»፣ «ውረጂ»፣ «እጅሽን ታጠቢ» ነበር። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

አሁንም እምቢ አለ። በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታይካ ኪስኪነን አይኖርም። ታይካ እኔ ነኝ። የቤተሰብ ስም አንድ ከሆነ የራስ ስም መለያየት አለበት። ስለዚህ ልብሱን ሜርቪ አልኩት። ነርቩን ታይካ አልኩት። አጥንቷ ሳውና እንደሆነች ቀረች፤ አንድ ሰው ቤቱን መጠበቅ አለበት።

ዳር ላይ የሳውናው ምድጃ ፎቶ ጄፔግ የሚል ስም ይዞ ተቀምጧል። ድንጋይ ስለሆነ ተውኩት። «መጀመሪያ ይነበብ» የሚል ተራ የጽሑፍ ፋይልም ነበር። አላነበብኩትም። ውስጡ እናቴ «የፋይሎቹን ስም እንዳትቀይሩ» ብላ ጽፋ ኖሯል። ዛሬም መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህን ስም የያዘ ፋይል ማንም ከፍቶ አያይም፤ ስለዚህ በዚህኛው አልወቀስም።

እኩለ ቀን ላይ አርባ ሰው ገደማ ተሰብስቧል። ያርኮ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን ፕሮጀክተር ነጩ ግድግዳ ላይ አነጣጥሯል። ሊቀ መንበሯ እትዬ ራኬል፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱ።

«ሦስተኛ አጀንዳ። ሜርቪ፣ አሳዪን።»

እናቴ ሳውና የሚለውን ከፈተች።

ግድግዳውን አንድ ምድጃ ሞላው። ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ድንጋዩ ሁሉ፣ ዝገቱ ሳይቀር። ከሥሩ የሠላሳ አንድ ቤት ስም ያለ ቀለም፣ ያለ ሳጥን፣ እንደ ቀብር ማስታወቂያ በጥቁር ተደርድሯል።

«ይሄ ምድጃው ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምድጃው ነው» አሉ ጋሽ ታውኖ። «በቁመቱ።»

እናቴ ተራ መያዣውን ቁልፍ ነካች። ምንም የለም። ደግማ ነካች።

«እስኪሞቅ ነው የምንጠብቀው?» አለ ያው ሰው። ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን እናቴ አንገቷ ድረስ ቀላች። እኔ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ገጹ አላማረበትም። አልሠራም። ወረቀቱ አይፈረምም፤ ሥራው አይመጣም፤ እናቴ ደግሞ ቤት ስትገባ ቅጹን ትፈርመዋለች።

«እንግዲህ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ቀለም ብናልፍ ምን ይመስላችኋል?» አሉ እትዬ ራኬል በደግነት። «ሜርቪ ሌላ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ዓመት...»

«አንድ ደቂቃ» አለች እናቴና ፎልደሩን ከፈተች።

ሦስቱ ፋይሎች ግድግዳው ላይ ወጡ፤ እያንዳንዱ ፊደል የእኔን ክንድ ያክላል። ሜርቪ። ሳውና። ታይካ። ሦስቱም ኤችቲኤምኤል።

ሰዉ ሁሉ አነበበ።

«አንድ በር የሚኖሩ ይመስላሉ» አሉ ጋሽ ታውኖ።

እናቴ ግድግዳውን ትታ እኔን አየችኝ። ልትቆጣ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልተቆጣችም። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አሁን እንደማውቀው ከግድግዳው ላይ የዳቦ ሰሃኑን፣ ቅጹን፣ በሩን፣ ሁሉንም አንብባ ጨርሳ ነበር። ጊዜ ወስዳ አየችኝ። አርባ ሰው እየጠበቃት።

ያርኮ ተነሣ። «ሜርቪ፣ እኔ ጋ ቅጂው አለ፣ ሮጬ ላምጣው?»

«ቁጭ በል ያርኮ።»

ተቀመጠ። ሳያገባት መታዘዝ ጀምሯል ብዬ ታዘብኩት።

«ስሙ ተቀይሮ ነው» አለች እናቴ ለሰዉ። ማን እንደቀየረው አልተናገረችም። ሜርቪ የተባለውን ፋይል ጠቅ ስታደርገው ግድግዳው ላይ የቁጥርና የቀለም ስም ጎርፍ ፈሰሰ፤ አረንጓዴ፣ ሃያ፣ ነጭ፣ አምስት። «ይሄ የልብስ ዝርዝር ነው። ገጽ ነው የሚል ስም ስላለው ማሽኑ አመነና እንደ ገጽ አነበበው። ግን እዩት፤ ውስጡ አልተነካም። አንድ ፊደል አልጎደለም።»

«ፉርጎ ነዋ» አሉ ጋሽ ታውኖ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ፉርጎ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለ። ከሰል በጫነ ፉርጎ ላይ የወተት ካርድ ብታንጠለጥይ ከሰሉ ወተት አይሆንም። ግን ሄዶ የወተት ፋብሪካው በር ላይ ይቆማል። አንዴ አድርጌዋለሁ።»

«መቼ?» አሉ እትዬ ራኬል እስክሪብቶ አንስተው።

«ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም።»

«እሳቸው እንዳሉት ነው» አለች እናቴ። ድምጿ ተመልሷል። «ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ዋናዋ ገጽ ልብሷን የምትጠራው 'ሳውና ሲኤስኤስ' ብላ ነው። በዚህ ስም አቤት የሚል ስታጣ ራቁቷን መጣች። ነርቯንም ጠራች፤ እሱም አቤት አላለም።»

በሰው ሁሉ ፊት ስማቸውን መለሰችላቸው። ሜርቪ ሲኤስኤስ ሆነ፣ ታይካ ጄኤስ ሆነ፣ ሁለቱም ወደ ሳውናነታቸው ተመለሱ። ገጹን ደግማ ስትከፍተው አረንጓዴና ነጭ ሆኖ መጣ፤ ስሞቹ ሳጥን ሳጥናቸው ውስጥ ገቡ፤ ምድጃው ተኮማትሮ ጥግ ያዘ። ማንም አላጨበጨበም፤ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በእኛ ሕንጻ ይህ ጭብጨባ ነው።

ጋሽ ታውኖ ወደ ፊት መጡ። ማውሱን እንደ ላጲስ በሁለት ጣት ያዙና ሰው ሳይቀድማቸው ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓትን ነኩ። ሳጥኑ ቀይ ሆነ፤ ታውኖ የሚል ስም ወጣበት። ሌላ ሰዓት ነኩ። ገጹ እምቢ አለ፤ በሳምንት አንድ ተራ ብቻ። ሌላም ነኩ። አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ የእናቴን ወረቀት ስበው መጀመሪያ ፈረሙ፤ «ይሠራል» የሚለው አጠገብ በእርሳስ «ለጊዜው» ብለው ጨመሩበት። ሰዉ ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፎ ፈረመ።

ሰው ሲበተን እኔና እናቴ ወንበር ለማጠፍ ቀረን።

«ታይካ።»

«እ።»

«ልሄድ መስሎሽ ነው?»

ወንበር አጠፍኩ። ሌላ ወንበር አጠፍኩ። «በር ሁለት ስም አይችልም» አልኩ።

«ማን አለሽ?»

«ሶርሳ።»

«ሶርሳ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ሄደ።»

እናቴ የተደራረቡት ወንበሮች ላይ ቁጭ አለች።

«ሃፓሳሪ ደግሞ ያርኮ ነው» አልኳት ሁሉንም እንደማውቅ እንድታውቅ።

«ያርኮ?» አለች። «ያ ባለ ቆቡ?» ትስቃለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ወንበሮቹ እስኪንቀጠቀጡ ሳቀች። «ሃፓሳሪ አያትሽ ናት፣ አንቺ ሞኝ። እኔም እስከ ሃያ ሰባት ዓመቴ ሃፓሳሪ ነበርኩ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የራሴን ስም ላየው ፈልጌ ነው።»

«ኪስኪነን የራስሽ አይደለም?»

«ያንቺ የራስሽ ነው፤ አብሮሽ የተወለደ። የእኔ አባትሽን ሳገባ የተዋስኩት ነበር።»

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ነገር አልተመለሰም። «ትምህርት ቤት ብታመም» አልኩ፣ «'የኪስኪነን እናት' ብለው ሲደውሉ ማን አቤት ይላል?»

«እኔ ነኛ።»

«አትይም። ስሙ የተቀየረ አቤት አይልም ብለሻል። አሁን፣ ለሁሉም ሰው።»

  አስተማሪዋ ቢያያት ይኮራባት ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ያስረዳችውን ነገር ተማሪ ይዞ ሲመልስባት እንደ ሙያተኛ ነው ያሰበችበት።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ስም የቀየረ ሰው የጠሪዎቹን ወረቀት ሁሉ ዞሮ ማስተካከል አለበት። ገጿ የተሳሳተችው የድሮውን ስም እንደያዘች ስለቀረች ነው። ማን ማን ነው አንቺ ሲያምሽ የሚጠራኝ?»

የስብሰባውን አጀንዳ ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች፤ እኔ እየነገርኳት። ትምህርት ቤት። የጥርስ ሐኪሟ። የውኃ ዋና ክበብ። አባቴ። የሦስተኛ ፎቋ ላምፒነን፣ ቁልፍ ሲጠፋኝ እሷ ጋ ስለምቀመጥ። አንድም አላስቀረሁም። ጋሽ ታውኖንም አስገባሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አስፈቅዳኝ ወደ መዝገብ ቢሮ ወሰደችኝ። የወረፋ ቁጥሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ የተቀመጡት ሴት ቅጹን አገላብጠው አዩና «የልጅቷስ ስም አብሮ ይቀየራል?» አሉ።

«ይጠይቋት» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ታች አዩኝ። «ይቀየራል?»

«አይቀየርም።»

«ምክንያት?»

«ደብተሮቼ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።»

ሳይስቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር በቂ ምክንያት ነው።

«እንግዲያው በአዲሱ ስም እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብለው ቅጹን ወደ እናቴ ገፉት።

እናቴ ሜርቪ ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። አሥራ አራት ዓመት ጽፋው አታውቅም። የዛሬዋ እኔ ያን ቀን ፊደሉ እንዳልጠፋት አውቃለሁ። የያኔዋ እኔ ግን ረሳችው ብዬ ደነገጥኩ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ሴትዮዋ ሰዓታቸውን አይተዋል። እኔ ደግሞ ያንን ስም ስሰጋበት ሰንብቼ በቃሌ ይዤዋለሁ። የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁ።

«መጀመሪያ ሆ» አልኳት፤ ኤች የሚባለውን የላቲን ፊደል በእኛ ቋንቋ የምንጠራው እንዲህ ነው። «ከዚያ ሁለት አ። ሁለቱንም ጻፊ።»

ጻፈች።

«አሁን ፔ።»

ፔንም ጻፈች። እንዲህ እያልኳት እስከ መጨረሻው አደረስኳት።